የማይታጠፈው አውራ ጣት

ባለፈው ኖቬምበር፣ ለንደን ካምደን ውስጥ በምሠራበት ፋርማሲ፣ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት የግራ እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው ገቡና የታዘዘላቸውን የደም ግፊት መድኃኒት እስካዘጋጅ ድረስ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወድቀው ኖሮ እጃቸው አብጧል፤ ፋሻውን ላላ ሲያደርጉት አንድ ሽታ ተነሣ። የአልኮል፣ የእንጨት ሥር፣ የዛገ ብረት፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ዝናብ የመታው አፈር የሚመስል፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። ቻይናዎች ሥራ ሥር በአልኮል ዘፍዝፈው ወለምታና ምት የሚያሹበት ጥቁር መድኃኒት ነው፤ በእኛ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ይህን ሽታ ካሸተትኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ክንዶቼ ግን ከእኔ ቀድመው አወቁት፤ በነጩ ጋውኔ እጅጌ ውስጥ ጠጉራቸው ቆመ፣ የያዝኩትን የመድኃኒት ካርቶን አስቀምጬ በሁለት እጄ ባንኮኒውን ተደግፌ ጥቂት ቆየሁ። አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝ፤ ሽታው ያስጠላኝ መስሏቸው ነው መሰለኝ ፋሻውን ቶሎ መልሰው ጠቀለሉት።

ወደ ለንደን የመጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከዮናስ ጋር ነው። አባታችን እኔ ጡት ሳልጥል ነው ያረፈው፤ እናታችን ደግሞ ቀድማን ወጥታ ወረቀቷን እስክታገኝና ፋሚሊ ሪዩኒየን አፕላይ አድርጋ እስክትወስደን ድረስ ጉለሌ አክስታችን ዘንድ ነበርን። ጉዳያችን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዮናስ ተያዘ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ከተገኙት ልጆች ጋር መኪና ላይ ተጭኖ ተወሰደ። አክስቴ ምግብ ቋጥራ በየጣቢያው በር ስትዞር፣ "እዚህ የለም" እየተባለች ስትመለስ ከረመች። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ አንድ ጠዋት ጠጉሩን ተላጭቶ፣ ሸሚዙ የሌላ ሰው እስኪመስል ሰፍቶት፣ በእግሩ መጥቶ የግቢውን በር አንኳኳ። የት እንደነበረ፣ ምን እንደደረሰበት አልተናገረም። አክስቴ ውሃ አሙቃ አጠበችው፣ አበላችው፣ አልጠየቀችውም። ከወራት በኋላ አውሮፕላን ስንሳፈርም እንዲያው ዝም እንዳለ ነበር።

ቤታችን ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ለእናቴ የሰጣት ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ነበር፤ ባቡር ሲያልፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይንሾካሾካሉ። እናቴ ፓርክ ሮያል አንድ ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ በጠዋት ሺፍት ትሠራ ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷም ጣቶቿ በብርድ ቀልተው፣ ኮቷ ቲማቲምና ማዮኔዝ እየሸተተ ትደርሳለች። እንግሊዝኛዋን የተማረችው እዚያው ስለሆነ "ቺልድ" (የቀዘቀዘ)፣ "ሄርኔት" (የጠጉር መረብ) እና "ሃሪ አፕ" (ቶሎ በይ) ከሚሉት ቃላት በቀር ሌላውን ሁሉ በእጇ ነበር የምታወራው፤ እንዲያም ሆኖ በሕንጻው ውስጥ እሷ የማትግባባው ሰው አልነበረም። እኔና እሷ መኝታ ቤት፣ ዮናስ ደግሞ ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛል፣ ይተኛል ከተባለ። መብራት አያጠፋም፣ መጋረጃ አይዘጋም፣ ከኋላው ሰው እንዲሄድ አይፈቅድም። ከሁሉ የባሰው ግን መነካት አለመቻሉ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሊስመው ሲጠጋ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ያፈገፍጋል፤ ስንቱ ተቀይሞ ሄደ። እናቴ ስንት ዓመት የናፈቀችውን ልጇን ማቀፍ ሲያቅታት ልብሱን ትተኩስ ጀመር፤ ሸሚዝ ብቻ አይደለም፣ ቲሸርት ትተኩሳለች፣ ካልሲ ትተኩሳለች።

እኔን ወደ ዊንግ ቹን የወሰደኝ ከእኛ በታች ይኖር የነበረው ዊንስተን ነው። ጃማይካዊ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ደረጃ ሲወጣ ሕንጻው ሁሉ የሚሰማው ግዙፍ ሰው። ትምህርት ቤት አንዳንድ ልጆች ሹሩባዬን እየጎተቱ አላስቀምጥ ብለውኝ ነበር፤ አንድ ቀን እያለቀስኩ ስመለስ ደረጃው ላይ አገኘኝና ለእናቴ በአፉም በእጁም እያስረዳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ የሚሄድበት ልምምድ ይዞኝ ሊሄድ ጠየቃት። የቻይናዎች የድሮ ትግል ነው፤ መዝለልና ከሩቅ መራገጥ የለበትም። ሰው እጁን ሲሰነዝርብሽ ሳትሸሺ ጠጋ ትያለሽ፣ በክንድሽ ክንዱን ታገኚና ጉልበቱን ወደ ጎን ታሳልፊዋለሽ። እናቴ ጥቂት አሰበችና፣ "ብሌን፣ ጂምናስቲክ ነው?" አለችኝ። "እንደዚያ ነገር ነው" አልኳት። ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿም ልጄ ጂምናስቲክ ጀመረች ብላ አወራች።

ቦታው ከተዘጋ ላውንደሪ ሥር ያለ ምድር ቤት ነበር። በጠባብ ደረጃ ይወረዳል፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ያለው አንድ መስኮት ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ከላይ የቀሩት የልብስ ማጠቢያ ቧንቧዎች ያንጠባጥባሉ፣ ግድግዳው ሁልጊዜ ላብ ያለው ይመስላል። ጥጉ ላይ የእንጨት ሰው የምንለው ነገር ቆሟል፤ ሦስት አጫጭር ክንዶችና አንድ የታጠፈ እግር የተሰካበት ወፍራም ግንድ፣ ፊት የሌለው፣ ተማሪ ለብቻው ሲሆን የሚለማመድበት። ክንዶቹ በቀዳዳቸው ውስጥ ላላ ያሉ ስለሆኑ ባቡር ባለፈ ቁጥር ማንም ሳይነካው ቀጭ ቀጭ ይላል። መምህራችንን ሲፉ ነበር የምንላቸው፣ በእነሱ ቋንቋ መምህር እንደ ማለት ነው። ከሆንግ ኮንግ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሹራብና የቤት ጫማ የማይለያቸው፣ ከፔርሙዛቸው ፍል ውሃ ብቻ የሚጠጡ፣ ነጭናጫ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። በእንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖርም እኔ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት መቆም መማር ብቻ ነበሩ። የእግር ጣቶች ወደ ውስጥ፣ ጉልበቶች ወደ ውስጥ። "በጉልበቶችሽ መሃል ፍየል ይዘሻል፤ እንዳታመልጥሽ" ይሉኛል ሲፉ። ቤት ሄጄ ለእናቴ ሳሳያት ለንደን ከገባሁ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች። "ፍየል ለመያዝ ነው እዚህ ድረስ ያመጣሁሽ?" አለችኝ። ዮናስ ከሶፋው ቀና ብሎ አየኝ። አልሳቀም፤ ግን አየኝ፣ ያም በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከመቆሙ በኋላ እጅ መጣ። የሚጣበቁ እጆች የሚባል ልምምድ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ክንድ ለክንድ ያገናኛሉ፤ ከዚያ ሳይለያዩ እጆቻቸውን ያዞራሉ፣ የአንዱ ሲወጣ የሌላው ይወርዳል፣ አንዱ ክፍተት ካገኘ ይገባል፣ ሌላው የሚመጣበትን በዓይኑ ሳይሆን በቆዳው ያውቃል። ትንሽ ስንለምድ ሲፉ ዓይናችንን በጥቁር ጨርቅ ያስሩን ጀመር። ሕጉ አንድ ነበር፤ ጨርቁ እስኪፈታ ድረስ ማንም አይናገርም። ቦታ ስንቀያየርም ድምፅ አናሰማም፣ ማን እንደመጣብሽ በእጁ ማወቅ አለብሽ። እኔም እያወቅሁ መጣሁ። የዊንስተን ክንድ ከባድና ሞቃት ነው፣ እንደ ተኛ ሕፃን ይደገፍሻል። የሲፉ ደረቅና ቀላል ነው፣ ወረቀት የነካሽ ይመስልሽና ደረትሽ ላይ ደርሰዋል። አንዲት ተማሪ ነበረች፣ እጆቿ ከመግፋታቸው በፊት ይቅርታ የሚጠይቁ የሚመስሉ። ከጨርቁ ጀርባ እነዚህን ሰዎች ፊታቸውን እያየሁ ከማውቃቸው በላይ አውቃቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰውን እንደዚያ አውቄ አላውቅም።

ነገሩ የደረሰው በፈረንጆች ገና ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መስኮቱ በሚጠቁርበት ወቅት ነው። ብርዱ ከባድ ስለነበር የመጣነው ጥቂት ነበርን። ዓይኔ ታስሮ ከዊንስተን ጋር ስንዞር ቆየን፤ ከዚያ ከባዱ ክንድ ተነሣልኝና ሌላ እጅ መጣ። ቀዝቃዛ ነበር። ከውጭ የመጣ ሰው እጅ እንደሚቀዘቅዘው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ያረፈ እጅ ቅዝቃዜ ነው። በጣም ቀጭን ነው፣ የአንጓው አጥንት ክንዴ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል፣ በአንጓው ዙሪያ ቆዳው እንደ ገመድ ሻክሮ ዞሯል። ልምምዱን አያውቅም። እኔ ሳዞር እሱ አያዞርም፤ ክንዴን ተከትሎ ወረደና መዳፌን አገኘ፣ ያዘኝም። ያዘኝ ስል እንደ ተጋጣሚ አይደለም፤ ሰው ጨለማ ውስጥ የሰው እጅ ሲያገኝ እንደሚይዘው ነው። አራቱ ጣቶች መዳፌን አቀፉ። አውራ ጣቱ ግን አልታጠፈም፤ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ የእጄ ጀርባ ላይ ተጋደመ። የእንጨቱ ሰው ጥጉ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ፣ ባቡር ግን አላለፈም። ከዚያ እጁ ለቀቀኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት።

ጨርቁን ስፈታ ፊት ለፊቴ ማንም አልነበረም። ዊንስተን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል፣ ሲፉ በወዲያኛው ጫፍ ከሌላ ተማሪ ጋር ናቸው።

"ዊንስተን፣ ከአንተ በኋላ ማነው የመጣው?" አልኩት።

"ማንም" አለኝ። "እጅሽን ዘርግተሽ ስትቆዪ ደክሞሽ የምታርፊ መስሎኝ ተውኩሽ።"

ሲፉ ሰምተው መጡና እጄን ይዘው ገለበጡት። የእጄ ጀርባ ላይ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ነበር፣ አንድ ጣት የሚያህል፤ እያየነው ደም ተመለሰበትና ቀላ። "በርዶሻል" ብለው ከፔርሙዛቸው ፍል ውሃ ቀዱልኝ። ኩባያውን ሲያቀብሉኝ ዓይናቸው ከእንጨቱ ሰው ላይ አልተነሣም።

ያን ዕለት እራት ላይ ለእናቴ አወራኋት። ቤታችን ውስጥ ወሬ ስለሚጠፋ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ የመግባት ልማድ ነበረኝ። እናቴ በስመ አብ ብላ አማተበችና ከእንግዲህ እዚያ ምድር ቤት እንደማልወርድ መናገር ጀመረች። ዮናስ ፓስታውን የሚበላበትን ሹካ አስቀመጠ።

"የትኛው እጁ ነው?" አለኝ።

ከስንት ሳምንት በኋላ ለእኔ ብሎ የተናገረው ቃል ነበር። "ቀኝ" አልኩት።

"አውራ ጣቱ አይታጠፍም?"

"አይታጠፍም። እዚህ ጋ ደግሞ" የራሴን አንጓ አሳየሁት፣ "ዙሪያውን ሻክሯል።"

ከንፈሩ ነጣ። እናቴ እኔን መቆጣቱን ትታ እሱን ታይ ጀመር። ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደና ፊቱን ሳያዞር፣ "ቅዳሜ አብሬሽ እመጣለሁ" አለኝ።

ቅዳሜ ያንን ደረጃ እንዴት እንደወረደ አሁንም ይታየኛል። በሁለት እጁ መደገፊያውን ይዞ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ቆሞ፣ ትንፋሹ ጮክ ብሎ እየተሰማ። ልይዘው እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። ሲፉ አዩትና ጨርቁን አቀበሉት። ያስረዋል ብዬ አላሰብኩም፣ መብራት ሲጠፋ ከእንቅልፉ የሚባንን ልጅ ነው። ራሱ አሰረው። መሃል ወለሉ ላይ ቆሞ እጆቹን ዘረጋ። ሲፉ እጃቸውን አነሡና ሁላችንም ወደ ግድግዳው ሸሸን።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። በመስኮቱ ጫማዎች ያልፋሉ፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል። ከዚያ የወንድሜ ቀኝ ክንድ ሸክም እንዳረፈበት ሁሉ ዝቅ አለ። አንድ ጊዜ በኃይል ወደ ውስጥ ተነፈሰ። ጣቶቹ ታጠፉ፤ መዳፉ ላይ ግን አልደረሱም፣ በመሃሉ የሌላ ሰው እጅ የሚያህል ክፍተት ቀረ። እንደዚያ እንደያዘ፣ በአማርኛ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ "አለሁ" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "አለሁ። አለሁ።" አጠገቤ የቆመው ዊንስተን ቃሉን ባያውቀውም ባርኔጣውን አወለቀ።

ጨርቁን ሲፈታ ፊቱ እንደ ታጠበ ነበር። እጁ ላይ አራት ጣቶች የያዙት የሚመስል ሰማያዊ ምልክት ነበር፣ በጀርባውም በኩል አንድ ቀጥ ያለ። ሲፉ አግዳሚው ላይ አስቀመጡትና ያንን ጥቁር መድኃኒት መዳፋቸው ላይ አፍስሰው እጁን ያሹለት ጀመር። እኔ የማየውን ማመን አልቻልኩም። ወንድሜ ተቀምጧል፣ ሰው ይነካዋል፣ አይሸሽም።

ወደ ቤት ስንመለስ በፓርኩ ውስጥ አቋረጥን፤ ነገሩንም እየሄደ ነገረኝ፣ አንድም ጊዜ ወደ እኔ ሳያይ። የታሰሩበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ብዙ ነበሩ፣ መናገር አይፈቀድላቸውም፣ በሩ ሲከፈት አንገታቸውን እንዲደፉ ስለሚታዘዙ አጠገቡ የሚቀመጠውን ሰው ፊት በደንብ አላየውም። አንድ ቀን ሲንቀጠቀጥ ያ ሰው በጨለማ ውስጥ ፈልጎ እጁን ያዘው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ይይዘው ነበር። አለህ? ለማለት ይጫነዋል፤ ዮናስም አለሁ ለማለት መልሶ ይጫነዋል። ንግግራቸው ይህ ብቻ ነበር። የሆነ ቀን በሩ ተከፈተና ሰውየውን ከአጠገቡ ጎትተው ወሰዱት።

"አልለቅህም ብዬው ነበር" አለኝ ዮናስ። "በእጄ ነዋ፣ በአፌ አይደለም። ግን እጄ አልቦኝ ነበር። አዳለጠኝ።"

"ስሙ ማነው?"

"አላውቅም።"

"ሞቷል?"

ቆመ። አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ በመሃላችን እስክታልፍ ጠበቀ። "እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፣ ብሌንዬ" አለኝ።

ለእናቴም ነገራት። እሷ ደግሞ ነገር ከሰማች ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም፤ እሑድ ቄሱ ዘንድ ሄዳ ፍትሐት እንዲደረግለት ጠየቀች። ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቋት። የዓለም ስሙንም አናውቅም አለቻቸው። ክርስቲያን መሆኑንስ? ያንንም አናውቅም። ሲጨንቃቸው፣ "እግዚአብሔር ያውቀዋል" አሏት። ተናዳ ተመለሰች፤ "እግዚአብሔር ማወቁንማ መች አጣሁት፣ እኛ እንዴት ብለን እንጥራው ነው ያልኳቸው" እያለች ስትብሰለሰል ዋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልንወጣ ስንል ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ለዮናስ አንድ ጥንድ የሱፍ ጓንት ሰጠችው፣ አዲስ፣ ከፌስታሉ እንኳ ያልወጣ። "እጁ ቀዝቃዛ ነው አላላችሁም? ስጠው" አለችው። ዮናስ ተቀበላትና ምድር ቤት ስንደርስ ጓንቶቹን የእንጨቱ ሰው ክንዶች ላይ አጠለቃቸው። እዚያው ከረሙ፤ ማንም አላነሣቸውም፣ ሲፉም ቢሆኑ በዚያ ሰሞን ተማሪ ወደዚያ ጥግ አይልኩም ነበር።

የለንደንን ክረምት ሙሉ እንዲህ ሆነ። እኛ በአንድ ወገን እንለማመዳለን፣ ወንድሜ በሌላው ወገን ዓይኑን አስሮ፣ የማናየውን እጅ ይዞ ይቆማል። ሰው ለምዶት ዝም አለ፤ እኔ ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። አንዳንድ ጊዜ እሱ ባለበት አቅጣጫ ጀርባዬን ሰጥቼ ስቆም አንገቴ ይበርደኛል። አንድ ቀን ሲፉን ለብቻቸው አግኝቼ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እኔ አብሳይ ነበርኩ" አሉኝ። "እጅ ማስተማር እችላለሁ። ይህንን ግን አላውቅም።"

"ይፈራሉ?"

"አዎ" አሉ፤ ፔርሙዛቸውን ከደኑ። "ግን ወንድምሽ አይፈራም። እሱ የማይፈራውን ነገር እኔ በምን ልከልክለው?"

የፀደይ ጸሐይ በዚያች መስኮት መግባት በጀመረች ሰሞን፣ ዮናስ አንድ ቅዳሜ እንደ ወትሮው ቆሞ ሳለ እጆቹን ራሱ ቀስ አድርጎ አወረዳቸው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ጨርቁን ፈትቶ አጠፈውና ለሲፉ መለሰላቸው፣ ጎንበስ ብሎም እጃቸውን ጨበጣቸው። ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "በቃ" ብቻ አለኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ እናቴ ለሥራ ተነሥታ ሳሎኑ ጨለማ ሆኖ ብታገኘው ደንግጣ ቀሰቀሰችኝ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። መብራቱን ያጠፋው እሱ ነው፤ አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን ተኝቷል። እናቴ ያን ቀን ከሥራ ቀረች፤ ወንበር አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና እስኪነቃ ድረስ ሲተኛ አየችው።

እኔ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሄድኩ። ዓይኔን በታሰርኩ ቁጥር፣ እየፈራሁም ቢሆን፣ እጆቼ ያንን እጅ ይጠብቁ ነበር። አልመጣም። ሲፉ እያረጁ ሄዱና ሴት ልጃቸው ወደምትኖርበት ከተማ ወሰደቻቸው፤ መሞታቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ዊንስተን ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገባ። ላውንደሪው ፈርሶ በቦታው ፎቅ ተሠራ፤ በዚያ ሳልፍ ምድር ቤቱ የነበረበትን ቦታ ሳየው ብስክሌት ማቆሚያ ነው። እናቴም አረፈች፤ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ሙታን ሲታሰቡ "የልጄ ጓደኛ" ብላ ጧፍ ታበራለት ነበር።

ዮናስ ደህና ነው። አግብቷል፣ የሊፍት ቴክኒሻን ሆኗል፣ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። ሰው ሲያገኝ አንገቱ እስኪሰበር ነው የሚያቅፈው፤ ልጆቹ ላዩ ላይ ወጥተው ነው የሚውሉት። አሮጊቷ ፋርማሲ በመጡ ሰሞን እሑድ ምሳ ሊያበላኝ ጠርቶኝ ነበርና፣ ሳህን ስናጥብ ያንን ክረምት አነሣሁበት። ሰማኝ። ሳህኑን እያደረቀ፣ "እኔ እኮ ያኔ ታምሜ ነበር፣ ብሌንዬ። ሐኪም ቤት፣ ጂፒ ዘንድ ሁሉ ተመላልሻለሁ። አንቺም ልጅ ነበርሽ" አለኝ።

"አውራ ጣቱስ?" አልኩት።

"የምን አውራ ጣት?"

ፊቱን አየሁት። አልዋሸኝም። ከዓይኑ ሥር ምንም የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ ነገሩ ከእሱ ወጥቷል። ልጁ ከሳሎን ሲጠራው ሳህኑን አስቀምጦ እየሳቀ ሄደ። ሰው መተኛት ስለቻለ አይወቀስም፤ ሌላውን ሳህን አንሥቼ ማጠቤን ቀጠልኩ።

እኔም ብሆን ያ ችሎታ ጠፍቶብኛል። ፋርማሲው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው እጅ ላይ መድኃኒት አስቀምጣለሁ፣ እጅ ለእጅ እንነካካለን፣ ማንነታቸው ግን አይሰማኝም፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ያ ቤት፣ እነዚያ ሰዎች፣ በቆዳዬ ብቻ ሰው የማውቅበት ያ ዕድሜ አልፈዋል፤ ያ ሰው አንድ ጊዜ እጄን እንደያዘኝ የምናገርለትም እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። አሁን አሁን የማስበው ስለ እናቱ ነው። በሕይወት ካለች አርጅታለች። አውራ ጣቱ በምን ምክንያት እንደደረቀ፣ በስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ማን ወጌሻ እንዳየው እሷ ታውቃለች። እኔ ደግሞ ልጇ በዚያ ጨለማ ውስጥ የማያውቀውን ልጅ እጅ ፈልጎ እንደያዘ አውቃለሁ። ሄጄ ልነግራት እፈልጋለሁ። ግን የትኛውን ከተማ፣ የትኛውን በር፣ የማንን እናት ብዬ ልጠይቅ?